አጃቢ ዋጋ

ቤርሳቤህ መሸነፍ ነበረባት፤ አሸነፈች። ከሳጉሬ አለፍ ብላ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ውሃ አገልግሎቷ የቢል ሶፍትዌር ለመግዛት ጨረታ አውጥቶ ነበር፤ ከቀረቡት ሦስት ድርጅቶች መካከል እንድትሸነፍ የተመደበችው እሷ ነበረች። የመደባት የአክስቷ ልጅ ኖህ ነው። እራት ላይ፣ ወጥ እየጨለፈ፣ እሱ አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሺህ ብር እንደሚያስገባ፣ እሷ አንድ ሚሊዮን ሰባት መቶ ሺህ እንደምትጽፍ ነግሯት ነበር፤ እሷም «እሺ» ብላ ሚጥሚጣውን አቀብላዋለች። ፖስታዋ ሲከፈት የተገኘው ግን ስምንት መቶ ዘጠና ሺህ ነው።

ፖስታዎቹ የተከፈቱት ያረጁ የውሃ ቆጣሪዎች እንደ ድንች በተከመሩበት መጋዘን አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የሰኔ ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ ስላደረ ወለሉ ላይ ጋዜጣ ተነጥፏል፤ የገባው ሰው ሁሉ የጫማ ምልክቱን ጥሎበታል። የግዥ ኃላፊዋ ኢስራ ጉንፋን ይዟት ከሻሿ በላይ ጋቢ ደርባለች። ዋጋውን የምታነበው በኦሮምኛ ነው፤ ከአዲስ አበባ ለመጣው ተጫራች ስትል ደግሞ በአማርኛ ትደግመዋለች። ደንቡ እንደሚለው መጀመሪያ በአሃዝ የተጻፈውን፣ ቀጥሎ በፊደል የተጻፈውን ታነባለች፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የሚጸናው በፊደል ያለው ነው። የአዲስ አበባው ድርጅት ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ አስገብቷል። የኖህ ድርጅት «መርከብ ሶፍትዌር» ያንኑ እራት ላይ የተባለውን። ኖህ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ እግሩን ዘረጋ። ከዚያ ኢስራ የመጨረሻውን፣ የቤርሳቤህን የ«አደይ ሶፍትዌር»ን ፖስታ ከፈተች፤ አነበበች፤ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ጣቷን ከአሃዙ ወደ ፊደሉ አውርዳ እንደገና አነበበች።

«ያው ነው» አለች ቃለ ጉባኤ ለሚይዘው ሰው። «ጻፈው።»

የአዲስ አበባው ሰውዬ ዞሮ ቤርሳቤህን ከእግር እስከ ራሷ አያት። «እህቴ፣ ይሄ ዋጋ ነው ወይስ ምርቃት?» አለ፤ የኮሚቴው አባላት ሳቁ። ኖህ አልሳቀም። እስክሪብቶውን ከደነና ተነሣ፤ በትሕትና፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ስህተት ሳይኖር አይቀርም» አለ። ኢስራ ሰነዱን ሳትለቅ ቀና አለች። «አንተ የመርከብ ነህ አይደል? የአደይ ተወካይ እሷ ናት።» ኖህ ጆሮው ቀላ። «አይ፣ እንተዋወቃለን ለማለት ነው።» «አሰላ የማይተዋወቅ ማን አለ» አለች ኢስራ። ከዚያ ወደ ቤርሳቤህ ዞረች። «ስህተት ከሆነ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ድረስ በጽሑፍ አመልክቺ። ለጨረታው ያስያዝሽው የማስከበሪያ ገንዘብ ይወረሳል፤ ሁለት ዓመትም ከጨረታ ትታገጃለሽ። እኛ ቀጥሎ ወዳለው እንሄዳለን። ስህተት ካልሆነ ነገ መጥተሽ ውል ፈርሚ። ሰኔ ነው፤ በጀቱ ሊዘጋ ነው፤ እዚህ ሰው የምንለምንበት ጊዜ የለንም።» ቤርሳቤህ አፏን ከፈተች። ስህተት አይደለም ማለት ሁለት ቃል ነው። «አያለሁ» አለችና ቦርሳዋን አነሣች።

ወደ አሰላ በሚመልሳቸው ሚኒባስ ውስጥ የሁለቱንም ሒሳብ እንደ ሁልጊዜው ኖህ ከፈለ። እሷ በመስኮት በኩል ተቀመጠች፤ እሱ ከጎኗ፤ ቦርሳዋ ጉልበቷ ላይ። ጠዋት ሁለቱም ፖስታ የመጣው በዚሁ ቦርሳ ነው። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚሄደው፤ ኖህ «ተፎካካሪዎቹ ተቃቅፈው እየሄዱ ነው» እያለ ይቀልድበት ነበር። የአደይ ንግድ ፈቃድ ሲወጣ ሐሳቡ የሱ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ አንድ ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ስታሳድድ ከቆየች በኋላ ቢሮው ወስዶ ወንበር የሰጣት፣ ደሞዝ የቆረጠላት እሱ ነው፤ የምትተኛውም እናቱ ግቢ ውስጥ፣ ከኩሽናው አጠገብ ባለችው ክፍል ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ትንሽ ነገር ሲገዛ ከሦስት ድርጅት ዋጋ ሰብስቦ ርካሹን ይወስዳል፤ ስለዚህ ሥራ የፈለገ ነጋዴ ጓደኛውን ይለምናል፣ ጓደኛው ከፍ ያለ ዋጋ ጽፎ ማህተም ይመታለታል፣ በሌላ ቀን ደግሞ ብድሩን ይመልሳል። አጃቢ ይባላል። ሙሽራ እንደማጀብ ነው፤ በዚህ ከተማ ማንም ወንጀል ብሎ አስቦት አያውቅም። ኖህ ግን ሰው መለመን ሰለቸውና አንድ ቀን «ለምን ከቤታችን አንድ አጃቢ አይኖረንም?» አለ። ንግድ ቢሮ ሄደው በሷ ስም ፈቃድ አወጡ። ቅጹ ላይ የድርጅት ስም የሚል ቦታ ሲደርሱ፣ ወሩ መስከረም ስለነበር፣ «አደይ» ብሎ ጻፈ። ግብሩን የሚከፍለው እሱ ነው። ማስከበሪያውን የሚያስይዘው እሱ ነው። ማህተሟም ከሱ ማህተም ጎን እሱ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

ከዚያ ወዲህ አደይ ያልተሸነፈበት ቦታ የለም። የሁለቱንም ድርጅት ሰነድ የምታዘጋጀው ቤርሳቤህ ናት። ለመርከብ የሚገባውን አሳምራ ትጽፋለች፤ በራሷ ስም የሚገባውን ሆን ብላ ታዳክመዋለች፤ አንድ ሥዕል ታወጣለች፣ የሥልጠናውን ጊዜ ታሳጥራለች፣ አንዱን ጥያቄ በግማሽ ትመልሳለች። ጨርሶ እንዳይወድቅም መጠንቀቅ አለባት፤ የወደቀ ሰነድ አያጅብም። ሶፍትዌሩንም፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው፣ የጻፈችው እሷ ናት። በየወረዳው ሲጠራ ግን «የኖህ ሲስተም» ነው፤ ሲበላሽ ብቻ «ያቺ ልጅ ትምጣ» ይባላል። ትናንት ከሰዓት፣ ኖህ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ ሲወጣ፣ የአደይን ዋጋ ልትሞላ ተቀመጠች። አንድ ሚሊዮን ሰባት መቶ ሺህ ብላ ጻፈች። አየችው። ከዚያ፣ ለጨዋታ ያህል፣ ሥራው እንዲያው በደህና ሰው እጅ ስንት ይፈጃል ብላ ደመረች፤ ትርፍም ጨመረችበት። ስምንት መቶ ዘጠና መጣ። አሃዙን አጠፋችና እሱን ጻፈች፤ ቀጥላ ፊደሉን አጠፋችና እሱን ጻፈች። ለአንዲት ድሃ ከተማ ውሃ አገልግሎት በርካሽ መሥራት ጥሩ ነገር መሆኑ ትዝ ያላት ማህተሙን መትታ፣ ፖስታውን አሽጋ፣ ምላሷ ላይ የሙጫው ጣዕም ከቀረ በኋላ ነው።

«አይዞሽ» አለ ኖህ፤ ሚኒባሱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ትከሻው ትከሻዋን ነካው። «ሰው ይሳሳታል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ዜሮ ጨምሬ ለአንድ ቢሮ አንድ ፕሪንተር በመኪና ዋጋ አቅርቤ አውቃለሁ።» ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ መዳፏ ላይ አፈሰሰላት። «ጥፋቱ የኔ ነው። በአንድ ሳምንት ሁለት ሰነድ አሸክሜሽ። እንቅልፍም አልተኛሽም መሰለኝ።» ቤርሳቤህ ቆሎውን ይዛ በመስኮት አየች። አዲስ የታረሰው ማሳ ጥቁር ነበር፤ ጭላሎ እስከ ወገቡ ደመና ለብሷል። ሳጉሬ ስንደርስ እነግረዋለሁ አለች በልቧ። ሳጉሬ ላይ አንድ ሰውዬ ነጭ ሽንኩርት የሞላ ማዳበሪያ ይዞ ገባና ረዳቱ «እህት፣ እስቲ ጠጋ በይ፣ ሽንኩርቱም ሒሳብ ከፍሏል» አላት፤ ሰው ሳቀ፤ እሷም ጠጋ አለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አጭር ነው።

ወይዘሮ የውብዳር፣ የኖህ እናት፣ ሳሎኑን ከጠዋት ጀምረው ሲያዘጋጁ ውለዋል። የሶፋው ዳንቴል ታጥቧል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ጨርቅ ተቀይሯል፤ ጠረጴዛው ላይ ትልቁ ሳህን ጩኮ ተሞልቶ፣ ቅቤው ዳር ዳሩን ረግቶ ቀርቧል። ገብሱ ከበቆጂ በሰው የመጣ ነው። «ሰኞ ጾሙ ሊገባ ነው፤ ከዚያ በፊት ይበላ ብዬ ነው» አሉ፤ «ቅቤ እንደሆነ አንድ ሺህ ገብቷል፣ ሻጯ ደግሞ የወርቅ ያህል ነው የምትቆነጥረው። ታዲያስ? አሸነፋችሁ?» ኖህ ጃኬቱን አውልቆ በሩ ኋላ ሰቀለ። «ቤርሲ አሸነፈች» አለ እየሳቀ። አክስቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አንድ አጭር እልልታ ለቀቁ። «ያው አይደል እንዴ! አንድ ቤት! ቤርሲዬ፣ ነይ ሳሚኝ።» ቤርሳቤህ ሄዳ ሳመቻቸው። ጉንጫቸው የኮሰረት ሽታ ነበረው።

ኖህ ተቀምጦ አስረዳ። ያስረዳበት መንገድ ለሕፃን ቁስል እንደሚያጥብ ሰው ነበር፦ ትንሽ ስህተት ተፈጥሯል፤ ዋጋው ዝቅ ብሎ ተጽፏል፤ ነገ ደብዳቤ ይገባል፤ የሷ ይሰረዛል፤ የሱ ይቀጥላል። ማስከበሪያው ይወረሳል፣ እሱንም እሱ ይችለዋል። ወይዘሮ የውብዳር ግማሹን ሰምተው ግማሹን ተዉት። «እንግዲህ የሱን ላንቺ ሰጡሻ» አሉ ወደ ቤርሳቤህ ዞረው፤ «መልሺለታ፤ ምን ችግር አለው። አይዞሽ፣ ፊትሽ ጠቆረ እኮ። ብዪ።» ከሳህኑ ቅቤ የበዛበትን በኩል ቆርሰው ፊቷ አስቀመጡላት። «እኔ እኮ ልጄ፣ ሰሞኑን እንቅልፍም አልነበረኝ። ኮሌጁን ትቼ ወጣሁ ሲለኝ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? የወር ደሞዝ ምን አደረገህ አልኩት። አስተማሪ ሆኖ ስምንት ዓመት! እሱ ግን የውሃው ሥራ አይቀርልንም አለኝ። ቤርሲ ሰነዱን እንዴት አድርጋ እንደሠራችው ብታይ አለኝ። እንግዲህ ይኸው፣ ቃሉን ጠበቀ።» ቤርሳቤህ ጩኮውን አፏ ውስጥ ታንከባልላለች። ግድግዳው ላይ የኖህ የምረቃ ፎቶ አለ፤ ከሱ ዝቅ ብሎ የሷ። ሁለቱንም ፍሬም የገዛው እሱ ነው፤ የሷ ይበልጣል።

«ሁለት ዓመት እታገዳለሁ ብላለች» አለች ቤርሳቤህ በመጨረሻ። ድምፅዋ ከምትፈልገው በላይ ቀጠነ። ኖህ እጁን እየታጠበ ነበር። «ታገጂ፤ ምን ይጎድልብሻል? ፈቃድሽ እኮ ለማጀቢያ ነው» አለ፤ ክፋት የለበትም፤ በፎጣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያደረቀ። «አጃቢ እንደሆነ ሌላ እንፈልጋለን። ጓደኛዬን ሚፍታን እለምነዋለሁ።» አክስቷ ውሃ አቀረቡላት። ግቢው ውስጥ ቧንቧው በርሜል ውስጥ ይንጠባጠባል። ቤርሳቤህ አክስቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ሴትዮዋ ምንም አላደረጓትም። ከመጣች ጀምሮ የቤት ኪራይ ጠይቀዋት አያውቁም፤ የማትወደውን ምስር እንኳ እሷ ያለችበት ቀን አይሠሩም። ጥሩ ሰዎችን መበደል እንዲህ የሚያስጠላ ነገር መሆኑን አላሰበችውም ነበር፤ ትናንት ያሰበችው ሒሳቡን ብቻ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» ብላ ሳህኗን ወደ ኩሽና ይዛ ወጣች፤ የተረፈውን ወደ ድስቱ መልሳ ከደነችው።

ቢሮው መናኸሪያው አጠገብ፣ ጫማ መሸጫ በላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። በሩ ማጠፊያው ላይ ተሰብሮ ወርዷል፤ ለመክፈትም ለመዝጋትም መያዣውን ይዞ ወደ ላይ ማንሣት ይፈልጋል። ኖህ ነው ሁልጊዜ የሚያነሣው፤ ቤርሳቤህ «ይሄን በር አሠራው» እያለች ክፍቱን ትታው ትሄዳለች። ውጭ ያለው ማስታወቂያ የመርከብ ብቻ ነው። የአደይ ፈቃድ መሰቀል ስላለበት ተሰቅሏል፤ በሩ ተከፍቶ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ። በሩ ሲከፈት ይሸፍነዋል። ባለጉዳይ ሁለት ድርጅት አንድ ክፍል ውስጥ እንዳለ እንዳያይ ያንን ቦታ የመረጠው ኖህ ነው፤ ያን ቀን ሁለቱም በብልጠቱ ስቀው ነበር። አሁን መብራት ጠፍቷል፤ ኖህ ለብርሃን ብሎ በሩን እስከ ግድግዳው ድረስ ከፈተው። ከሥር የአዲስ ላስቲክ ጫማ ሽታ ይመጣል። ወረቀት ሳበና ፕሪንተሩ ስለማይሠራ በእጁ መጻፍ ጀመረ። የእጅ ጽሑፉ የአስተማሪ ነው፤ ክብ ክብ፣ መስመር የማይስት። ደብዳቤው አጭር ነበር፤ ያቀረብኩት ዋጋ በስህተት የተጻፈ ስለሆነ ራሴን ከውድድሩ አግልያለሁ ይላል። ከሥሩ ስሟን ጻፈ፤ ለፊርማ ቦታ ተወ። ከዚያ መሳቢያውን ሳበ፤ የሱ ማህተም አለ፤ ከጎኑ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

«ማህተምሽስ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

«ከትናንት ጀምሮ?»

«አዎ።» ወንበሯ ላይ አልተቀመጠችም። «ኖህ፣ አልተሳሳትኩም።»

እሱ እስክሪብቶውን ከደነ። ጠዋት ኮሚቴው ፊት እንዳደረገው፣ ቀስ ብሎ። «አውቃለሁ» አለ።

ታች ጎዳና ላይ አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ። «ኢስራ በፊደልም አንብባው የለ» አለ ኖህ። «ዜሮ ይዘለላል። ስምንት መቶ ዘጠና ሺህ ብሎ በፊደል እየጻፈ የሚሳሳት ሰው ግን አይቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ አይዞሽ ስትለኝ የዋልከው?»

«እንድትፈርሚ ነዋ! ስህተት ነው ከተባለ ትፈርሚያለሽ፣ እማም ምንም ሳታውቅ ያልፋል ብዬ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። ደብዳቤውን በጣቱ ወደሷ ገፋ። «አሁንም ያልፋል። እኔ ለማንም አልናገርም። ፈርሚና ስህተት ነበር እንበል፤ አለቀ።»

ቤርሳቤህ ወረቀቱን አየችው። ቀኑን ሙሉ የሰጣት ቆሎ፣ የከፈለላት ሒሳብ፣ ስለ ፕሪንተሩ ያወጋት ጨዋታ፣ ሁሉም ወደዚህ ወረቀት ሲነዳት ነበር፤ ሁሉም ደግሞ እውነተኛ ደግነት ነበር። ሁለቱን መለየት አልቻለችም፤ ብትችል ይቀላት ነበር። «ሶፍትዌሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ጻፍኩት አልኩ እንዴ? ደሞዝሽን ከልክዬሽ አውቃለሁ? ሥራውን የማመጣው፣ በየቢሮው ደጅ የምጠናው ግን እኔ ነኝ። አንቺ ለሰው እንደምን አደሩ ማለት እንኳ ይታክትሻል።» እውነቱን ነው። «ዋጋው ትክክል ነው» አለች። «ይሠራል፤ ትርፍም አለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጻፍኳቸው ዋጋዎች ውሸት ያልሆነው ይሄ ብቻ ነው።» ኖህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናደደ። «እውነት አትበይኝ! ለዚያ ከተማ ሕዝብ አዝነሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድነው?»

«ማሸነፍ እንደምችል ስላወቅኩ።»

ኖህ አገጩን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «ለምን መጥተሽ አልጠየቅሽኝም? ይሄኛው የኔ ይሁን አትዪኝም?»

«ብጠይቅህ እሺ ትለኝ ነበር?»

አሰበበት። የምትወድለት ነገር ይህ ነው፤ ጥያቄ ሲጠየቅ ያስባል። «አልልሽም ነበር» አለ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ ጣራውን እያየ፣ «ኮሌጁን ለቅቄያለሁ ቤርሲ» አለ። «አውቃለሁ።» «ስትጽፊው ታውቂ ነበር?» «አውቅ ነበር» አለች። ሌላ የምትለው ነገር ፈልጋ፣ ከጠዋት ጀምሮ ይዛው የዞረችውን አወጣች። «ሥልጠናውን አንተ ትሰጣለህ። ካንተ የተሻለ አስተማሪ የለም። ሒሳቡ ውስጥ አስገብቼሃለሁ።»

«አስገብተሽኛል» አለ። «በስንት?»

ትናንት ያን መስመር ስትሞላ ብዙ አላሰበችበትም፤ ለአንድ ሰው በወር ስንት እንደሚከፈል የምታውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ስለነበር እሱን ጻፈች። ኖህ ፊቷን አይቶ ገባው። ሳቀ፤ ሳቁ ውስጥ ምሬት ቢኖር ይሻላት ነበር፤ እንዲያው ደስ የሚል ሳቅ ነው። «የራስሽን ደሞዝ! ጎበዝ። ቶሎ ተምረሻል።» ስልኩ ጠራ። አየው፤ «እማ ናት» አለ፤ አነሣው። የወይዘሮ የውብዳር ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ይሰማል፤ ለእራት ሽሮ ይበቃል ወይስ ሥጋ ይግዙ፣ ቤርሲስ ትንሽ ተሻላት ወይ፣ ምሳ ላይ እኮ ምንም አልበላችም። ኖህ ቤርሳቤህን እያየ መለሰ። «ደህና ናት እማ። ተስተካክሏል። ሥጋ አትግዢ።» ዘጋና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋው። «ነገ ስድስት ሰዓት ነው» አለ። «ወረቀቱ እዚህ ነው። የምታደርጊውን አድርጊ።»

እስክሪብቶውን አነሣች። ትንሽ ያዘችው፤ ሞቅ ያለ ነበር፤ ከእጁ የቀረ ሙቀት። ብትፈርም አክስቷ ዛሬ ማታ ደኅና ያድራሉ፤ ነገ ኖህ ውል ይፈርማል፤ ከነገ ወዲያ እሷ እዚህች ወንበር ላይ ተቀምጣ ኮዱን ትከፍትና የደንበኛውን ስም ትቀይራለች። በሚቀጥለው ጨረታ ሚፍታ ያጅባል። ሁሉም ሰው ይወዳታል። ደብዳቤው ላይ «በስህተት» የምትለዋን ቃል ለሁለተኛ ጊዜ አነበበች። ከዚያ እስክሪብቶውን እንዳለ ወረቀቱ ላይ፣ ለፊርማ የተተወው ቦታ ላይ፣ እንዳይንከባለል፣ በወርድ አስቀመጠችው። «ለእትዬ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለች። «አንተ አትንገራቸው።» «ምን ብለሽ?» አለ ኖህ። «እንዳልተሳሳትኩ።» እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ማለቱ ይሁን አይሆንም ማለቱ አልገባትም። ይቅርታ ልትለው አሰበች፤ ነገ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄዳ ውል የምትፈርም ሰው ይቅርታ ብትል ለማን ይጠቅማል ብላ ተወችው። ቻርጀሯን ከሶኬቱ ነቀለች፤ ኩባያዋን ከመስኮቱ ላይ አነሣችና የቀረውን ሻይ ባልዲው ውስጥ ደፋች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከማህተሙ አጠገብ ከተተችው። ኖህ አይረዳትም፣ አይከለክላትም፤ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አጣምሮ ተማሪ ፈተና እስኪጨርስ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጧል።

ደረጃው አፍ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ በሩን ክፍቱን ትታው አንድ ደረጃ ወረደች። ተመለሰች። መያዣውን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ላይ አነሣችው፤ ከምታስበው በላይ ይከብዳል። በሩ ከግድግዳው ተላቆ መምጣት ሲጀምር ከኋላው ያለው ነገር ትዝ አላት። ፈቃዱን ማውረድ ረስታለች፤ ፎቶዋ፣ ስሟ፣ ኖህ በመስከረም ያወጣው ስም፣ አሁን እሱ ከተቀመጠበት ፊት ለፊት እየተገለጠ ነው። ተመልሳ ገብታ ልታወርደው ትችላለች። አንገቱን ቀና ሲያደርግ በቀረው ክፍተት አየችው። በሩን እንዳነሣችው ሳበች፤ ዘጋችው።